የሚያፈስ ኩሬ እንዴት ይሠራል? የበረሃ ጎርፍንና ወንዝን ከመሬት ሥር ማኖር

ኩሬ ቆፍሮ የሚያውቅ ሰው ትልቁ ጭንቀቱ ስርገት ነው። ውሃው እንዳይሰርግ ሸክላ አፈር ይደመድማል፣ ፕላስቲክ ያነጥፋል። ጠዋት ሲነሳ ኩሬው ጎድሎ ካገኘው ቀኑ ይበላሽበታል። ዛሬ የምናየው ሥራ የዚህ ግልባጭ ነው። እዚህ የሚያስደነግጠው ኩሬው ሞልቶ ማደሩ ነው።

በረሃ ላይ ውሃን ከመሬት በላይ ማስቀመጥ ለፀሐይ መገበር ነው። በአሜሪካዋ ግዛት በአሪዞና ዝቅተኛ በረሃ ከተገለጠ ውሃ ላይ በዓመት 2 ሜትር ገደማ ይተናል። ከመሬት ሥር የገባውን ውሃ ግን ፀሐይ አያገኘውም። ስለዚህ ወንዙ ወይም ጎርፉ በተገኘ ጊዜ ወደ ታች ይሰደዳል፣ በክፉ ቀን በጉድጓድ ይወጣል።

ምሳሌዬ አሪዞና ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እዚያ ለአሥርት ዓመታት የከርሰ ምድር ውሃ ያለ ልክ ተቀዳ። በኤሎይ ከተማ አካባቢ መሬቱ ራሱ ከ3 ሜትር በላይ ሰመጠ፣ ሜዳው ተሰነጣጠቀ። በ1980 አወጣጡን የሚገድብ ሕግ መጣ። በ1993 የተጠናቀቀና 540 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቦይ ደግሞ የኮሎራዶን ወንዝ ውሃ ወደ ፊኒክስና ወደ ቱሳን ከተሞች ያመጣል። ከዚህ ውሃ ከፊሉ በረሃው ላይ በተሠሩ ኩሬዎች እየተለቀቀ ወደ መሬት ይገባል። ከፊኒክስ በስተ ምዕራብ ያለው የቶኖፓ ጣቢያ ብቻ 19 ኩሬዎች አሉት።

1ኛ፦ ቦታውን ከካርታ ሳይሆን ከጉድጓድ ምረጡ

ካርታ ላይ ያማረ ቦታ ሲቆፈር ሌላ ሆኖ ይገኛል። በስካቫተር ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚወርዱ የሙከራ ጉድጓዶች አስቆፍሩና ግድግዳቸውን ተመልከቱ። አሸዋና ጠጠር ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። በመሃል ሸክላ ካለ ግን ቆም በሉ። አንድ ክንድ የማይሞላ ሸክላ ከሥሩ ያለውን ስንት ሜትር አሸዋ ከንቱ ያስቀረዋል፤ ውሃው እላዩ ላይ ቆሞ ወደ ጎን ይሄዳል። አሪዞና ላይ ሌላም ጠላት አለ። ኖራ አፈሩን አያይዞ እንደ ሲሚንቶ ያደረቀው ነጭ ንብርብር ነው፣ ካሊቼ ይሉታል። ከላይ ከሆነ በዶዘር ተሰብሮ ይነሳል። ጥልቅ ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ቀጥሎ የስርገት ፍጥነት ይለካል። የተለመደው ዘዴ የብረት ቀለበት መሬት ላይ ተክሎ ውሃ መሙላትና በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ መመዝገብ ነው። ታዲያ ትንሽ ቀለበት ትዋሻለች። ውሃው ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ስለሚሸሽ ቁጥሩ ያጓጓል። እኔ ብሆን 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ የሙከራ ኩሬ ሠርቼ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ ሳላቆይበት ገንዘብ አላወጣም።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ አጣሩ። ከሥር ያለው ውሃ ለወለሉ በጣም የቀረበ ከሆነ የሚገባው አዲስ ውሃ ማረፊያ አያገኝም። አፈሩ ጨው የበዛበት ከሆነ የመጀመሪያው ውሃ ጨዉን አጥቦ ይዞት ይወርዳል። አቅራቢያው የድሮ ቆሻሻ መጣያ ካለ ደግሞ ከሥር የሚነሳው ውሃ ቆሻሻውን ይነካዋል። ይህን ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል።

2ኛ፦ ውሃው ምን ይዞ እንደሚመጣ እወቁ

የኮሎራዶ ውሃ ወደ ቦዩ የሚገባው ከሐቫሱ ሐይቅ ነው። ደለሉ አብዛኛው ሐይቅ ውስጥ ስለሚቀር አሪዞናዎች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው። ጎርፍ ለሚጠቀም ሰው ነገሩ ይከብዳል። የበረሃ ጎርፍ ግማሽ ጭቃ ነው። በቀጥታ ኩሬው ላይ ከለቀቃችሁት በአንድ ክረምት ወለሉን ይለስነዋል።

ኦማን ለዚህ ጥሩ መልስ አላት። በ1985 ከሙስካት አጠገብ የተሠራው የአል ኹድ ግድብ ውሃ ለመያዝ ብቻ የቆመ አይደለም። ጎርፉን አግቶ ደለሉ እንዲዘቅጥ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ከዚያ የጠራውን ውሃ ቀስ እያደረገ ወደ ታች ወዳለው ጠጠራማ ሜዳ ይለቀዋል። መሬት ውስጥ የሚገባው እዚያ ነው። ግድብ ባይኖራችሁም ሐሳቡ ያው ነው፤ ከዋናዎቹ ኩሬዎች በፊት አንድ ማዝቀጫ ኩሬ ይኑር፣ እሱ ይቆሽሽላችሁ።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህን ሁሉ ሲያነብ የደቻቱን ወንዝ ማስታወሱ አይቀርም። ጎርፉ ሲመጣ አስፈሪ ነው፣ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ግን አሸዋ ነው። ከአሸዋው ሥር ደግሞ ውሃ አለ። በቦረናና በኬንያው ኪቱዪ የሚሠሩት የአሸዋ ግድቦች የቆሙት በዚሁ ነገር ላይ ነው። በደረቅ ወንዝ ላይ አለት ድረስ የወረደ አጭር ግንብ ይሠራል፣ ጎርፉ አሸዋውን ከጀርባው ይከምረዋል፣ ውሃው በአሸዋው መሃል ይተኛል። ቦይና ዶዘር ለሌለው ገጠር የምመርጠው እሱን ነው።

3ኛ፦ ኩሬዎቹን ሥሩ

አንድ ትልቅ ኩሬ አትሥሩ። ቢያንስ ሦስት አራት ይሁኑ፤ ምክንያቱን በሚቀጥለው ደረጃ ታገኙታላችሁ። ወለሉ ሜዳ ይሁን፣ ዙሪያውን ክትር ይሠራለት። ውሃው የሚገባበት ቦታ ላይ ድንጋይ አንጥፉ፣ አለበለዚያ አፈሩን እየቦረቦረ ጭቃውን ወለሉ ላይ ይበትነዋል። ማሽኖች ደረቅ አፈር ላይ ብቻ ይግቡ። እርጥብ አፈር ላይ የተመላለሰ ዶዘር ሳያስበው የአስፋልት ሥራ ነው የሠራው።

ጥልቀት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውሃው በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ ስለሚጨምር ቶሎ ይሰርጋል ብሎ ያስባል። በፊኒክስ የውሃ ቤተ ሙከራ ለብዙ ዓመታት የተመራመረው ኸርማን ባወር ነገሩ ተቃራኒ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ጥልቅ ውሃ ወለሉ ላይ ያለውን ስስ ጭቃ ይጫነዋል፣ የተጫነው ጭቃ ይጠቀጠቃል፣ ስርገቱ ይቀንሳል። ከጉልበት የማያልፍ ውሃ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ስፋቱን ለመገመት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በቀን 50 ሴንቲ ሜትር የሚያሰርግ 10 ሄክታር አላችሁ እንበል። ይህ በቀን 50,000 ሜትር ኩብ ነው። በሞቃት ቀን 1 ሴንቲ ሜትር ቢተን የሚባክነው 1,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 2 በመቶ ብቻ ነው። ዓመቱን ግማሽ ኩሬዎቹ ደርቀው ቢከርሙ እንኳ ወደ 9 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ታስገባላችሁ።

4ኛ፦ ሙሉ፣ ከዚያ አድርቁ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ቀሪው ዝግጅት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ኩሬው መጀመሪያ ሲሞላ ውሃውን እንደ ወንፊት ይጠጣዋል። በሳምንቱ ፍጥነቱ መቀነስ ይጀምራል። ወለሉ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆን ልባስ ሠርቷል፦ ደለል፣ አልጌ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን የሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር። ከሥሩ ምንም ያህል ግሩም ጠጠር ይኑር፣ ፍጥነቱን የምትወስነው ይቺ ቀጭን ልባስ ናት።

አዲስ ገቢ ሰው ይህን ሲያይ ተጨማሪ ውሃ ይለቃል። ልክ አይደለም። ውሃው መቆም አለበት። መግቢያው ይዘጋ፣ ያለው ሰርጎ ይለቅ፣ ፀሐይ ወለሉን ታግኘው። ያቺ ውሃ ስትሰርቅ የነበረች የበረሃ ፀሐይ እዚህ ላይ ሠራተኛችሁ ናት። አልጌው ይሞታል፣ ልባሱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ወደ ላይ ይጠቀለላል። መልሳችሁ ስትሞሉት ውሃው በስንጥቁ ይገባል። የወባ ትንኝም ቢሆን እጭዋ ሳያድግ ውሃው ያልቅባታል።

አራት ኩሬ ካላችሁ ሁለቱ ሲጠጡ ሁለቱ ይደርቃሉ። ስንት ቀን ሞልቶ ስንት ቀን ይድረቅ? እንደ ውሃው ጥራት ነው። ለድፍርስ ውሃ ጥቂት ቀን፣ ለጥሩ ውሃ ሳምንታት። የእናንተን ዙር የሚነግራችሁ በየቀኑ ከቋሚ መለኪያ ላይ የምትመዘግቡት ቁጥር ነው። ፍጥነቱ ከመጀመሪያው ግማሽ ሲደርስ አቁሙ ብሎ መጀመር አያስነቅፍም።

ማድረቅ ብቻውን የማይመልሰው ጊዜ ይመጣል። ያኔ ልባሱ ተፍቆ ከኩሬው ውጭ ይጣላል። ከውጭ አልኩ፤ በማረሻ ገልብጦ መቅበር ቀላል ይመስላል፣ ግን ደቃቁን አፈር ወደ ታች ማስገባት ነው። ጥቂት ዓመት እንዲህ ከተደረገ ላይኛው አፈር ራሱ ልባስ ይሆናል።

መሬት ውድ በሆነበት ከተማ በኩሬ ፋንታ ጉድጓድ ይጠቀማሉ። የአሪዞናዋ ከተማ ስኮትስዴል ጥልቅ ደረቅ ጉድጓዶች (ከርሰ ምድር ውሃው ድረስ የማይወርዱ) አሏት፣ በደንብ የተጣራ ውሃ ወደ እነሱ ይለቀቃል። ቦታ ይቆጥባል፣ ግን አንዴ ከተደፈነ እንደ ኩሬ አይፋቅም።

5ኛ፦ የማይታየውን ውሃ ተከታተሉ

ከኩሬዎቹ አጠገብና ራቅ ብሎ መከታተያ ጉድጓዶች ይቆፈሩ። በዲፕ ሜትር (ወደ ጉድጓድ በሚወርድ የውሃ መለኪያ ሜትር) የውሃው ከፍታ ይለካል፣ በየጊዜው ናሙና ይወሰዳል። ከኩሬው ሥር የውሃ ጉብታ ይፈጠራል። ጉብታው አድጎ ወለሉን ሊነካ ከቀረበ ስርገቱ ይቆማል፤ ማሳረፍ ነው መፍትሔው። ናሙናው ደግሞ አዲሱ ውሃ ከአለቱ ጋር ሲገናኝ አርሴኒክ የተባለውን መርዝ አላቆ እንደሆነ ይነግራችኋል።

6ኛ፦ ማን ያወጣዋል?

ይህ የመሐንዲስ ጥያቄ አይደለም። እናንተ ያስገባችሁትን ጎረቤት በፓምፕ ቢስበው ማነው ተጠያቂው? በአሪዞና ያስገባ ሰው እንደ ባንክ ሒሳብ ይያዝለታል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ በአብዛኛው 5 በመቶው ለከርሰ ምድሩ ይቀራል፣ የቀረው ይመዘገብለታል። በ1996 መንግሥት ለዚሁ ሥራ የውሃ ባንክ ባለሥልጣን አቋቋመ። ሕጉ ሳይኖር ኩሬ መቆፈር ለሌላ ሰው ጉድጓድ መሙላት ሊሆን ይችላል።

ቱሳን ወደዚህ የኩሬ ሥራ የመጣችው ተገዳ ነው። በ1992 የኮሎራዶን ውሃ አጣርታ በቀጥታ ወደ ቤቶች ለቀቀች። የውሃው ባሕርይ ከለመዱት ስለተለየ በአሮጌ ቧንቧዎች ውስጥ የከረመውን ዝገት አላቀቀው። ሰው ቧንቧ ሲከፍት ቡናማ ውሃ ወረደ። በ1994 ሥርጭቱ ቆመ፣ በ1995 ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ በቀጥታ መልቀቁን አገደ። ከተማዋ ያንኑ ውሃ ወስዳ አቭራ ሸለቆ ውስጥ ባሉ ኩሬዎች ላይ ታፈሰው ጀመር። ውሃው ሰረገ፣ ከነባሩ ጋር ተቀላቀለ፣ በጉድጓድ ወጣ። ድብልቁ በ2001 ወደ ቤቶች ገባ። ከተማው መሃል ያሉ ብዙ የድሮ ጉድጓዶችም አረፉ፣ ሲወርድ የኖረው የውሃ ከፍታ እዚያ ወደ ላይ መመለስ ጀመረ።