የሳን ሁዋንን ምሽጎች ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፖርቶ ሪኮ ዋና ከተማ ሳን ሁዋን ሁለት ትልልቅ የስፔን ምሽጎች አሏት። ኤል ሞሮ በወደቡ አፍ ላይ ቆሞ ባሕሩን ይጠብቃል፤ ሳን ክሪስቶባል በየብስ በኩል የሚመጣውን ያግዳል። በ1983 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ የሚያስተዳድራቸውም የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። አብዛኛው ጎብኚ የሚሳሳተው እንደ አንድ ሥራ የታሰቡትን ሁለቱን ለያይቶ በማየቱ ነው።

ኤል ሞሮን ብቻ አይቶ መመለስ

ፖስትካርድ ላይ የሚወጣው እሱ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይሮጣል። ስፔኖች ኤል ሞሮን መገንባት የጀመሩት በ1539 ነው። በ1595 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ በባሕር መጣ፤ የምሽጉ መድፎች መትተው መለሱት። ከሦስት ዓመት በኋላ ሌላው እንግሊዛዊ ጆርጅ ክሊፎርድ ብልሃቱን ቀየረ፦ ወታደሮቹን ከከተማዋ በስተምሥራቅ አውርዶ በእግር መጣና ምሽጉን ከጀርባው ያዘ። መልሶ ያስወጣው የስፔን ጦር ሳይሆን ሰዎቹን የፈጀው ተቅማጥ ነው። በ1625 ደግሞ ሆላንዶች ከተማዋን አቃጠሏት።

በ1634 የተጀመረው ሳን ክሪስቶባል የዚህ ሁሉ መልስ ነው። በስተምሥራቅ ያሉትን የውጭ ግንቦች ልብ ብለው ይዩ፦ ከፊት ያለው ሁልጊዜ ከኋላው ካለው ዝቅ ይላል። ጠላት አንዱን ቢይዝ እንኳ ከላዩ ባለው እሳት ሥር ይወድቃል እንጂ መጠለያ አያገኝበትም። ከመሬት በታች ካሉት ዋሻዎች አንዳንዶቹም ባሩድ ተሞልተው በአጥቂው እግር ሥር እንዲፈነዱ የታሰቡ ነበሩ። በ1797 ራልፍ አበርክሮምቢ ከነእንግሊዝ ጦሩ በዚያው በምሥራቅ በኩል ሞክሮ ሁለት ሳምንት ገደማ ታግሎ ሳይሳካለት ሄደ።

ስለዚህ ከሳን ክሪስቶባል ይጀምሩ፣ ከዚያ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ኤል ሞሮን ይዩ። አንዱ ትኬት ለሁለቱም ለ24 ሰዓት ያገለግላል፤ ዋጋው 10 ዶላር ሲሆን ከ16 ዓመት በታች ያሉ አይከፍሉም። ለእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ይያዙ። ሳን ክሪስቶባል ውስጥ ወህኒ ቤቱን ሳያዩ አይውጡ፤ ግድግዳው ላይ እስረኛ እንደሣላቸው የሚነገሩ የስፔን መርከቦች አሉ፤ ሸራቸውና ገመዳቸው ሳይቀር ይለያል።

በቀትር ሜዳውን ማቋረጥ

ከኤል ሞሮ በር ፊት ያለው ሜዳ ወደ 400 ሜትር ይረዝማል፤ አንድ ዛፍ የለበትም። የሚመጣ ጠላት መደበቂያ እንዳያገኝ ሆን ተብሎ ነው ባዶ የተተወው፤ ዛሬ ዋጋውን በፀሐይ የሚከፍለው ጎብኚው ነው። ጃንጥላ አይጠቅምም፣ ነፋሱ ይገለብጠዋል። አገጭ ላይ የሚታሰር ባርኔጣና ለሰው ቢያንስ አንድ ሊትር ውሃ ይያዙ። ምሽጎቹ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3:30 ገደማ ተከፍተው 10:30 ገደማ ይዘጋሉና ፀሐይ ስትጠልቅ እገባለሁ ብሎ ማሰብም አያዋጣም። ወደቡ ላይ የመዝናኛ መርከቦች በቆሙበት ቀን እንደተከፈተ መግባት ይሻላል።

ለእግር አለማሰብ

ኤል ሞሮ ስድስት እርከን አለው፤ መውረጃው ቁልቁል ነው፤ የወረደውን መውጣትም አለ። የአሮጌው ከተማ ሰማያዊ የንጣፍ ድንጋዮችም ዝናብ ሲነካቸው ያንሸራትታሉ። ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ።

ግንቡ ላይ መውጣት

ለፎቶ ብለው ግንቡ ጠርዝ ላይ የሚቀመጡ ብዙ ናቸው። የመድፍ ክፍተቶቹ መከላከያ ብረት የላቸውም፤ ከበስተጀርባቸው ገደልና ባሕር ነው፤ ልጅ ይዘው ከሆነ እጁን አይልቀቁ። ሁለተኛው ችግር የራሱ የግንቡ ነው። ድንጋዩ ለስላሳ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ላዩ በኖራ የተለሰነው እርጥበቱ እንዲተነፍስ ነው። ልስኑ በጫማ ከተፋቀ የባሕሩ ጨው ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ፊቱን እየቀረፈ ያወርደዋል። ሲሚንቶ ቢለጥፉበት ይብስበታል፤ ውሃውን አፍኖ ይይዛልና። ጎንደርም ይህን ታውቃለች፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በፋሲል ግቢ የገባው ሲሚንቶ በኋላ ተነቅሎ በኖራ ተተክቷል።

ሁሉንም የስፔን ሥራ አድርጎ ማየት

ኤል ሞሮ አናት ላይ ያለው የመርከብ መብራት ማማ በ1908 አሜሪካኖች የሠሩት ነው፤ ቀዳሚው በ1898ቱ የስፔንና የአሜሪካ ጦርነት በአሜሪካ የባሕር ኃይል ድብደባ ተጎድቶ ነበር። ግራጫዎቹ የኮንክሪት መመልከቻዎች ደግሞ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናቸው። የድሮውን ግንብ ራሱን ካየን፣ እቅዱን ያወጡት የጦር መሐንዲሶች ቢሆኑም ድንጋዩን ከተሸከሙት መካከል በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና እስረኞች ነበሩ። አስጎብኚዎ ይህን ዘሎ ስለ ባሕር ወንበዴ ብቻ ካወራ ይጠይቁት።

ከግርጌ መግቢያ አለ ብሎ መሄድ

ከሳን ሁዋን በር ተነስቶ በውሃው ዳር ከግንቡ ሥር የሚያልፈው መንገድ ግሩም ነው፤ ግንቡ ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚታየውም ከዚያ ነው። ወደ ምሽጉ ግን አያስገባም። ምሽጉን አይተው ሲጨርሱ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይሂዱበት።

የጉዞ ወረቀትና ሻንጣ

ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ናት። አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የሚበረው በአገር ውስጥ በረራ ነው፤ ግሪን ካርዱን ግን አይርሳ። ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚመጣ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልገዋል። ወደ ዋናው አሜሪካ ሲመለሱ ኤርፖርት ላይ ሻንጣው በግብርና ፍተሻ ያልፋል፤ ትኩስ ማንጎ ይወሰድብዎታል፣ የተቆላ ቡና ግን ያልፋል።