የጣሊያን ጊዜ ግጥም ከሽማግሌ አፍ እንዴት ይቀዳል?

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመት በፊት መንዝ፣ መሐል ሜዳ አያቴ ዘንድ ሄድኩና ስልኬን ፊታቸው ደቅኜ «አባባ፣ እስቲ የአርበኞችን ግጥም ይበሉልኝ» አልኳቸው። «እኔ ግጥም አላውቅም» ብለው ዝም። እውነታቸውን ነው፤ ለእሳቸው ግጥም ማለት ልጆች ከደብተር የሚያነቡት ነገር ነው። ማታ ጎረቤት መጣ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ጨዋታው ደራና አያቴ ድንገት ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «ዘራፍ!» ስልኬ ጓዳ ቻርጅ ላይ ነበር።

እና በየስሙ ጠይቁ። ፉከራ ቆመው፣ ዱላ ወይ ጠመንጃ ጨብጠው፣ ጀብዱ እየቆጠሩ የሚሉት ነው። ቀረርቶ በረጅሙ በዜማ ይለቀቃል። ሙሾ ለቅሶ ላይ ነው። እንጉርጉሮ ደግሞ ለብቻ ነው፤ መንዝ ውስጥ ለባና (ለሱፍ ብርድ ልብስ) የሚሆን የበግ ጠጉር እየፈተሉ የሚያንጎራጉሩ እናቶች ካሉ ሄዳችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ከወንዶቹ ጋር ስትሆኑ «አባትዎ ሲፎክሩ ምን ይሉ ነበር?» በሉ። ሰው ራሱን ማወደስ ያፍራል፣ ስለ አባቱ ሲሆን ግን ወገቡን ይዞ ይነሣል። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27፣ 1928 ነው፤ ጃንሆይ የተመለሱት በዚያው ቀን በ1933። ያንን ጊዜ በደንብ የሚያስታውስ ሰው ዛሬ ዘጠናውን አልፏል። ስለዚህ የምታገኙት አብዛኛው ከአባት የተሰማ ነው። አትናቁት።

ስለ ቀረጻው ብዙ አልልም። አስፈቅዱ። ስልኩን የበረራ ሞድ ላይ አድርጉ፣ የታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጡት፣ ደጅ ከሆናችሁ ነፋሱን በጀርባችሁ ከልሉ (የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል)። መጀመሪያ ላይ ቀኑንና ቦታውን በድምፃችሁ ተናገሩ። ስትጽፉ የመንዝ ወይ የቡልጋ አነጋገር ነው ብላችሁ አታርሙ። «ልክ አይደለም» ብላችሁ የቀየራችሁት ቃል ወርቁ፣ ስውሩ ትርጉም፣ የተቀበረበት ሊሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው። ይህ ግጥም ማን ፊት ተባለ?

ጫካ ውስጥ፣ ከነ ራስ አበበ አረጋይ ጋር ያለ አርበኛ የጠላቱን ስም ጠርቶ፣ ሰድቦ፣ ሽቅብ መፎከር ይችላል። ሰምና ወርቅ፣ ላይ ላዩን አንድ ውስጡ ሌላ ማለት፣ አያስፈልገውም። ጣሊያን የሰፈረበት ከተማ፣ ገበያ መሐል፣ ባንዳ ጆሮውን በጣለበት ጠላ ቤት ግን ሌላ ነው። ከየካቲት 12፣ 1929 በኋላ የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ ጠንቋዩና ባሕታዊው ብቻ ሳይሆኑ እየዞረ የሚያዜመው አዝማሪም ተይዞ እንዲረሸን አዟል። በማሲንቆ ሞት የሚፈረድበት ጊዜ ነው የምላችሁ። እዚያ የተባለ ግጥም ላይ ላዩን ስለ በሬና ስለ ፍቅር ቢመስል አይግረማችሁ። ያንኑ ሁለት ስንኝ «ማን ፊት ተባለ» ሳትሉ ከጻፋችሁት የበሬ ግጥም ሆኖ ይቀራል።

ስም ሲያጋጥማችሁም አትለፉት። «አባ ዳኘው» ከመጣ የፈረስ ስም ነው፣ ምኒልክ ናቸው፣ የአንጎለላው ልጅ። ሙሾ ውስጥ «ዋሻ» ከመጣ «የትኛው ዋሻ?» በሉ። መንዝ ዘረት ላይ በሚያዝያ 1931 ዋሻ ውስጥ በተጠለለ ሕዝብ ላይ ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ተጠቅሟል። የዚያ አካባቢ ሰው ዋሻ ሲል ድንጋይ ብቻ አይታየውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ባንዳ የሚሰድቡ ግጥሞች ስም ይጠራሉ። የተሰደበው ሰው የልጅ ልጅ ደግሞ ዛሬ ከአያታችሁ ጋር አንድ ዕድር ውስጥ ነው፣ ቀብር አብረው ይቆፍራሉ። ቅዱት፣ ጻፉት፣ ግን ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት። ላይክ ለማግኘት ሁለት ቤተሰብ አታጣሉ።

ብዙ ስትሰሙ መግጠም ያምራችኋል፤ እኔንም አማረኝ። የመጀመሪያዬ «አንተ ጨካኝ ጠላት፣ አገሬን ልቀቃት» ዓይነት ነበር። መፈክር ነው፤ ሰምም ወርቅም የለው። ስታቅዱ ከስሜታችሁ አትጀምሩ፣ ሁለት ትርጉም ካለው ቃል ጀምሩ። እኔ «ገዛ»ን ያዝኩ፦ በገንዘብም ይገዛል፣ በጉልበትም። ከዚያ ለሰሙ የሚሆን ቦታ ፈለግሁ፤ የከብት ገበያ። ልኩን «የወል ቤት» በሚባለው አደረግሁት፣ መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ስድስት ስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል)፣ ለጆሯችን እሱ ይቀላል፦

ገበያ አልወጣሁ፣ ዋጋ አልተጠራብኝ፣
ማን ሸጦልህ ይሆን እንዲህ የገዛኸኝ?

ቤት መምቻው ጥብቅ ነው አልልም። ግን ገበያ ውስጥ ጮክ ብሎ ቢባል የሚያስር አይኖርም፣ የገባው ግን ገብቶታል። ግጥማችሁን ስትሞክሩት ለጓደኛ አታንብቡ፣ ጓደኛ «አሪፍ ነው» ይላል። ለሽማግሌ በሉት፣ ሳታብራሩ። «ምን ማለትህ ነው?» ካሏችሁ ቅደዱትና እንደገና ጀምሩ።

አያቴ ፊት አልኩት። ትንሽ ዝም አሉ። እኔ ስገጥመው ያሰብኩት ስለ ገዢው ብቻ ነበር፣ ቃሉም ያለቀለት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ማዶው ቤት ዞር ብለው አዩና፣ ሳቅ እያሉ፣ «ሻጩንማ እናውቀዋለን» ብለው ጠላቸውን አነሡ።