የፋይበር ጀልባ ቀለም ሲላጥ

ጣና ላይ ለሚሠሩ ጀልባዎች ቀለም ስቀባ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ችግር አንድ ነው፦ መላጥ። ጥፍር ከገባበት ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተያይዞ ይነሳል። ከሥሩ ያለውን እዩት። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ካርታ ቬትራ (የመፈግፈጊያ ወረቀት) አልነካውም።

ፋይበር ቅርጽ ማውጫው ላይ እንዳይጣበቅ ሰም ይቀባል፤ ሰሙም አብሮት ይወጣል። በዚያ ላይ ልጆቹ «እንዲያበራ» ብለው በናፍጣ ጨርቅ ይወለውሉታል! አንድ ባለጀልባ ለጥምቀት ይድረስልኝ ብሎ በሁለት ቀን የብረት በር ቀለም አስለቀለቀው። ወር ሳይሞላ እኔ ጋ መጣ። ጎኑን ስቤ ክንድ የሚያህል ቅዳጅ እጄ ላይ ቀረ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እሱ ቀለሙን ይረግማል። ቀለሙ ምን አጠፋ?

ሁሉንም አንሱት። በሳሙና እጠቡ፤ ከደረቀ በኋላ በአሴቶን ጥረጉ። ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ አለዚያ ሰሙን ከቦታ ቦታ ማዞር ነው። ሳታጸዱ አትፈግፍጉ፤ ሰሙን ወደ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። ከዚያ ውሃ እርጩበት። እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ሰም አለ፣ ድገሙ። ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ አድርቁና በቁጥር 80 ከዚያም በቁጥር 120 ካርታ ቬትራ ፈግፍጉ። ኤፖክሲ ፕራይመር (ከላይኛው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ቀቡ፣ ሲደርቅ በ220 አለስልሱ።

የላይኛው ቀለም? ከሃርድነር (ማጠንከሪያ) ጋር የሚደባለቀው ፖሊዩረታን ፀሐይ ይችላል። ጣና ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ፀሐዩ አይምርም። በየዓመቱ በብሩሽ የምትነካኩት ከሆነ ግን ሃርድነር የማይፈልገው የጀልባ ቀለም ይበቃችኋል። አንጸባራቂው ያምራል፤ እያንዳንዱን የስቱኮ ጠባሳም ያሳብቃል። ስቱኮ የበዛበት ጎን ላይ ከፊል ደብዛዛ ምረጡ። ጥቁር ሰማያዊ የሚወድ ሰው አይጠፋም፤ ፀሐይ ላይ ሲቆም እጅ አያስነካም።

ከውሃ መስመር በታች ፊኛ ከሠራ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዘወትር ውሃ ውስጥ ለመቆየት ያልተሠራ ቀለም መቀባቱ ነው። አንስታችሁ ለውሃ ውስጥ የተሠራውን ቀቡ።

ፖሊዩረታኑ ከተኮማተረ፣ ብዙ ጊዜ ያረፈው በአሮጌ የበር ቀለም ላይ ነው።

እጅ ላይ ነጭ ዱቄት የሚተው ፋይበር ገና ቀለም ላያስፈልገው ይችላል። መጀመሪያ ፖሊሽ ሞክሩ።

ማታ ደምቆ ጠዋት የፈዘዘ ቀለም ጤዛ መትቶታል። ከሰዓት በኋላ መቀባት አትጀምሩ።

ደግሞ ፖሊዩረታን በመርጫ የምትረጩ ሰዎች፣ የአቧራ ማስክ ምንም አያድናችሁም። ሃርድነሩ አስም ያስይዛል። በሩሎ ቀቡ፣ ያውም ጓንት አድርጋችሁ፣ ነፋስ ባለበት።