ኔትወርክ ሲጠፋ የሚከፈት ጽሑፍ፦ የድረ ገጻችሁን «አስቀምጥ» ቁልፍ ማስተካከልና ማስተዋወቅ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መናኸሪያ ቁጭ ብሎ ሦስት ጽሑፍ ያስቀመጠ ተማሪ፣ መንገድ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋበት ከፍቶ ማንበብ ካልቻለ ቁልፋችሁ አልሠራም። ቢሮ ውስጥ በዋይፋይ ስንት ጊዜ መሥራቱ አይቆጠርም።

ስለዚህ ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ፈትኑት። አንድ ጽሑፍ አስቀምጡ፣ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፣ ብሮውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዝጉ፣ ከዚያ እንደገና ከፍታችሁ ጽሑፉን ፈልጉ። ብሮውዘሩ ሳይዘጋ የሚደረግ ሙከራ ያታልላል፤ ገጹ ከስልኩ ሜሞሪ ገና ስላልወጣ የተቀመጠ ይመስላል።

ፈተናውን ከወደቀ መጀመሪያ ሰርቪስ ወርከሩን፣ ማለትም ኔትወርክ ሲጠፋ ገጹን ከስልኩ የሚያቀርበውን የጃቫስክሪፕት ፋይል፣ እዩ። የሚሠራው በኤችቲቲፒኤስ (https ብሎ በሚጀምር አድራሻ) ብቻ ነው፤ ፋይሉም የድረ ገጹ ዋና ማህደር ላይ መቀመጥ አለበት። ንዑስ ማህደር ውስጥ ካስገባችሁት ከዚያ ማህደር ውጭ ያሉትን ገጾች አያይም። ቀጥሎ ጽሑፉና ምስሎቹ እንዴት እንደሚቀመጡ ተመልከቱ። «አድኦል» (addAll) በሚባለው ትእዛዝ ሁሉንም በአንድ ላይ ካስቀመጣችሁ አንዲት ምስል ብቻ ሳትወርድ ብትቀር ጽሑፉም አብሮ ይቀራል። ጽሑፉን ብቻውን አስቀድሙ፤ ምስሎቹን አንድ በአንድ አስከትሉ። «ተቀምጧል» የሚለው ቃል ደግሞ ጽሑፉ ከካሹ (ብሮውዘሩ ስልኩ ላይ ከሚያስቀምጥበት ቦታ) ተመልሶ ከተነበበ በኋላ ብቻ ይታይ። ምስል ከጎደለ «ያለ ምስል ተቀምጧል» ብላችሁ ንገሩት፤ አንባቢው ይረዳል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን ድረ ገጹ ሲታደስ የሚመጣው ነው። የተለመደው ኮድ አዲስ ዕትም ሲወጣ የድሮውን ካሽ በሙሉ ያጠፋል፤ የሰው ንባብም አብሮ ይጠፋል። መፍትሔው ካሹን ለሁለት መክፈል ነው። አንዱ የገጹን መዋቅር ይይዛል፤ «መዋቅር-7»፣ «መዋቅር-8» እየተባለ ቁጥሩ ይቀየራል። ሌላው «የተቀመጡ» ይባል፤ ቁጥር አይኑረው። የማጥፊያው ኮድ ስሙ «መዋቅር» ብሎ የሚጀምረውን ብቻ ይንካ።

ምስሎቹ ከሌላ ሰርቨር የሚመጡ ከሆነ ሌላ ችግር አለ። ያ ሰርቨር ገጻችሁ ምስሉን እንዲያነብ ፈቃድ (CORS) ካልሰጠ፣ ክሮም ለማስቀመጫ ከፈቀደላችሁ ቦታ ላይ ለእያንዳንዷ ምስል 7 ሜጋባይት ገደማ ይቆጥራል፤ ምስሏ 40 ኪሎባይት ብትሆንም። ምስሎቹን ወደ ራሳችሁ ሰርቨር አምጡ፣ ስፋታቸውን 800 ፒክስል አድርጉ፣ ምስልን በሚያቀልለው በዌብፒ (WebP) ዓይነት አስቀምጧቸው። ጽሑፉ ራሱ ቀላል ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (UTF-8፣ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) የሚይዘው 3 ባይት ስለሆነ 1,000 ቃል ከ15 ኪሎባይት ብዙም አይርቅም። አንድሮይድ የራሱ የግዕዝ ፊደል ስላለው ፎንት አብራችሁ አትጫኑ፤ አንድ ፎንት ከብዙ ጽሑፍ ይከብዳል።

አይፎን ላይ ያለ ሰው ሳፋሪን በተጠቀመባቸው 7 ቀናት ውስጥ ድረ ገጻችሁን ካልነካ የተቀመጠው ይጠፋል። ገጹን ወደ ስልኩ መነሻ ስክሪን ያስገባ ግን ይህ አይደርስበትም። ይህን በሁለት መስመር ቁልፉ አጠገብ ጻፉለት።

የተቀመጡ ጽሑፎችን መፈለጊያው ላይ አትቸኩሉ። አንዱ «ሀዋሳ»፣ ሌላው «ሐዋሳ»፣ ሦስተኛው «ሃዋሳ» ብሎ ይጽፋል። ከማነጻጸራችሁ በፊት ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መልሱ፤ በሰባቱም ድምፅ። ሃ እና ሀንም አንድ አድርጉ። «አዋሳ» በዚህ መንገድ አይገኝምና ለብቻው በእጅ ይጨመር።

ጽሑፉን በፋይል ማውረድም ፍቀዱ፤ ብዙ ሰው በቴሌግራም ለጓደኛው ይልከዋል። ፋይሉ አናት ላይ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ ካልተገለጸ አማርኛው ተበላሽቶ ይከፈታል። ምስሎቹ በቤዝ64 (ምስልን ወደ ፊደልና ቁጥር በሚቀይር ዘዴ) ፋይሉ ውስጥ ካልገቡ ደግሞ ባዶ ሳጥን ይታያል። በዚህ መንገድ ምስሉ በሲሶ ይከብዳል፤ ያዋጣል። የማውረጃ መንገድ መኖሩ ሌላም ጥቅም አለው፦ ጽሑፍ ለኋላ ማስቀመጫ የነበረው ፖኬት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ሲዘጋ፣ ስብስቡን ያወረደ ሰው ቢያንስ የሊንኮቹን ዝርዝር አትርፏል።

አሁን ማስተዋወቁ። «ኦፍላይን ሞድ» አትበሉ፤ «ኔትወርክ ባይኖርም አንብቡ» በሉ። 20 ሰከንድ ቪዲዮ ይበቃል፦ ጣት «አስቀምጥ»ን ትነካለች፣ የአውሮፕላኗ ምልክት ትበራለች፣ ጽሑፉ ይከፈታል። ድምፅ አያስፈልገውም።

ሐዋሳ ውስጥ ማስታወቂያው መለጠፍ ያለበት ሰው ኔትወርክ ካለበት ተነስቶ ወደሌለበት በሚሄድበት ቦታ ነው፦ መናኸሪያው አካባቢ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ዙሪያ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ዋይፋይ ያለባቸው ካፌዎች። ካፌ ውስጥ ምርጡ ቦታ የዋይፋይ ፓስዎርድ የተለጠፈበት ጎን ነው፤ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ጽሑፉ በአማርኛና በሲዳምኛ ይሁን። የኪውአር ኮዱ ስፋት ሰው ከሚቆምበት ርቀት አንድ አሥረኛ ይሁን፤ ከ50 ሳንቲ ሜትር ለሚነሳ 5 ሳንቲ ሜትር። ሊንኩ ውስጥ የግዕዝ ፊደል አታስገቡ፤ ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ አንዷ ፊደል 9 ምልክት ትሆንና ኮዱ ተጨናንቆ ካሜራ ያስቸግራል።

ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ «በክሮም ክፈቱት» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። በቴሌግራም የውስጥ ብሮውዘር የተቀመጠ ጽሑፍ ክሮም ላይ ላይገኝ ይችላል፤ አንባቢውም ጠፋብኝ ብሎ ይተዋችኋል።

ውጤቱን ስትለኩ «አስቀምጥ» ስንቴ እንደተነካ ሳይሆን ስንት ጽሑፍ ያለ ኔትወርክ እንደተከፈተ ቁጠሩ። ቁጥሩ ስልኩ ላይ ይመዝገብ፣ ኔትወርክ ሲመለስ ይላክ። የተቀመጠው ብዙ፣ የተከፈተው ጥቂት ከሆነ በአብዛኛው ምክንያቱ ሰው ዝርዝሩን ማግኘት አለመቻሉ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ በሚመጣው ገጽ ላይ «ግንኙነት የለም» ብቻ አትጻፉ፤ የተቀመጡትን ጽሑፎች ዝርዝር እዚያው አውጡለት።