የቧንቧ ውሃ ችግርና መፍትሄ፦ ማጣሪያ ከመግዛትዎ በፊት ሮቶዎን ይመርምሩ

አዲስ አበባ ውስጥ የውሃ ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ሻጩ የመረጠለትን ነው። ሻጩ የሚመርጠው ደግሞ መደብሩ ውስጥ ያለውን ነው። አንዱ ማጣሪያ ዝገት ይይዛል፣ ጀርም ግን ያሳልፋል። ሌላው ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድን ግን አይነካም። ስለዚህ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ውሃው ውስጥ ምን እንዳለና የት እንደገባ ነው።

የከተማዋ ውሃ ከሁለት ዓይነት ምንጭ ይመጣል። የለገዳዲ፣ የድሬና የገፈርሳ ግድቦች ውሃ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት ይለቀቃል። የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ የከርሰ ምድር በመሆኑ ማዕድን ይበዛዋል። ከጣቢያው ንጹሕ ሆኖ የተነሣ ውሃ እስከ ኩሽናዎ ድረስ ያረጀ ቧንቧ፣ ፈረቃና ሮቶ ያልፋል። ብዙው ጉዳት የሚደርስበትም እዚህ መካከል ነው።

ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ሁለት ብርጭቆ እንዲያነጻጽሩ የምመክረው። ውሃ በሚመጣበት ቀን አንዱን ከቆጣሪው አጠገብ፣ ወደ ሮቶ ከመግባቱ በፊት ይቅዱ። ሌላውን ከኩሽና ይቅዱና ሁለቱንም ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡ። የመጀመሪያው ጠርቶ ሁለተኛው ከደፈረሰ፣ ወይም የመጀመሪያው ክሎሪን ክሎሪን ሲል ሁለተኛው ምንም የማይሸት ከሆነ፣ ችግሩ ግቢዎ ውስጥ ነው።

ውሃው እንደ ወተት ነጭ ሲሆን

ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ያኑሩና ይጠብቁ። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው። ከፈረቃ በኋላ ቧንቧው ውስጥ የታመቀ አየር እንዲህ ያደርጋል፤ ጉዳት የለውም፣ መፍትሄም አያሻውም። ከላይ ጠርቶ ከታች ነጭ ዝቃጭ ከተወ ግን ማዕድን ወይም ደለል ነው።

ከፈረቃ በኋላ ቡናማ ወይም ቀይ ሲሆን

ውሃ ለቀናት ቆይቶ በኃይል ሲመለስ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ዝገትና ከታች የተኛውን ደለል ያነሣዋል። በዚንክ የተለበጠ አሮጌ የብረት ቧንቧ ያለበት ቤት ይህን አዘውትሮ ያያል። ዝገቱ ራሱ ልብስ ያበላሻል፣ ጣዕም ይቀይራል እንጂ አይመርዝም። የሚያሳስበው ከዝገቱ ጋር ሌላ ነገር የመግባቱ ዕድል ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

መፍትሄው የመጀመሪያውን ውሃ ወደ ሮቶ አለማስገባት ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ከሮቶው በፊት አንድ መዝጊያና አንድ የውጭ መቅጃ ይግጠምልዎት። ውሃ ሲመጣ እስኪጠራ ድረስ በባልዲ ይቅዱት፤ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወደ ሮቶው ይልቀቁት። በዚያው መስመር ላይ የደለል ማጣሪያ ቢገጠም መልካም ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ሁሉ ያንሳል። ቡናማው ቀለም በየቀኑ፣ በሙቅ ውሃ በኩል ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን የዛገው ቦይለሩ ነው።

ሽታ ሲኖረው

የክሎሪን ሽታ ሰዎችን ያስፈራቸዋል። እኔ ግን ክሎሪን ሲሸተኝ ደስ ይለኛል፤ ውሃው መንገድ ላይ ጠባቂ እንዳለው ያሳያልና። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 5 ሚሊግራም በሊትር ድረስ ይፈቅዳል፤ ቤት በሚደርሰው ውሃ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 0.2 እንዲቀር ይመክራል። ጣዕሙ ካስቸገረ ክፍት ዕቃ ውስጥ ማሳደር ወይም መጠጫው ላይ ብቻ የካርቦን ማጣሪያ መግጠም ይበቃል። የካርቦን ማጣሪያን ከሮቶው በፊት መግጠም ግን ከባድ ስሕተት ነው። ካርቦን ክሎሪኑን ስለሚያስወግደው ለቀናት የሚቀመጠው ውሃ ያለ መከላከያ ይቀራል።

የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሙቅ ውሃ ብቻ ከመጣ ምክንያቱ ቦይለር ውስጥ የበዙ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ቦይለሩን ማጠብና የውስጥ ዘንጉን ማስቀየር ያስፈልጋል። የጭቃ ወይም የሻጋታ ሽታ ከሆነ ሮቶው ላይ ወጥተው ክዳኑን ይክፈቱ። ብርሃን የሚያስገባ ሮቶ አልጌ ያበቅላል።

ውሃው ጠርቶ ሳለ ቤተሰቡ ሆዱን ሲታመም

ይህ ክፍል ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ያስጨነቀውን አተት የምናስታውስ ሰዎች ውሃ በዓይን እንደማይመዘን እናውቃለን።

ቧንቧ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ግፊቱ ወደ ውጭ ነው፤ ስንጥቅ ቢኖር ንጹሑ ይፈሳል እንጂ ቆሻሻው አይገባም። ፈረቃው ሲዘጋ ግን ግፊቱ ይጠፋል። ያኔ በቧንቧው ዙሪያ ያለው እርጥበት፣ አጠገቡ የመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም የፍሳሽ መስመር ካለ ደግሞ ፍሳሹ ጭምር፣ በስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሳባል። ፓምፕን በቀጥታ ከመስመር ጋር አገናኝቶ የሚስብ ጎረቤት ይህን ያባብሰዋል። የእርስዎ ፓምፕ ከሮቶ ወይም ከምድር ታንከር ይሳብ እንጂ ከመስመር አይሳብ።

ቀጥሎ የሚጠረጠረው ሮቶው ነው። የተሰነጠቀ ክዳን፣ ወንፊት የሌለው የአየር ቀዳዳ፣ ለዓመታት ያልታጠበ ወለል ጀርም ያስገባሉ። አጠባው እንዲህ ነው፦ ሮቶውን ያራግፉ፣ ወደ ውስጥ ሳይገቡ በረጅም እጀታ ብሩሽ ይፈትጉት፣ ዝቃጩን ያውጡ። ከዚያም ውሃ ሞልተው ለእያንዳንዱ 1000 ሊትር ሽቶ ያልገባበት፣ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው 1 ሊትር በረኪና ይጨምሩ። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። በረኪናው እስኪሸት ድረስ ሁሉንም የቤት ቧንቧዎች ይክፈቱ፣ መልሰው ይዝጉና 24 ሰዓት ያቆዩት። ያ ውሃ አይጠጣም፤ ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ በአዲስ ይተካል። ሙሉ ሮቶ ውሃ መድፋት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሥራውን ውሃ ከሚመጣበት ቀን አስቀድመው ያቅዱት።

እስከዚያው ድረስ የሚጠጡትን ያፍሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ2000 ሜትር በላይ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይበቃል። ማፍላት ካልተቻለ ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ፈሳሽ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀሙ። ክሎሪን እንዲሠራ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ጥገኛ ግን ክሎሪን አይገድለውም፤ እሱን የሚያጠፋው ማፍላት ወይም ጥሩ የሴራሚክ ማጣሪያ ነው።

ማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት ሲያወጣ

ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። ቦይለር ያበላሻል፣ ሳሙና አያስነሣም፣ ጤናን ግን አይጎዳም። በሆምጣጤ ወይም በሎሚ ያጥቡት። ለዚህ ብቻ ብሎ ውድ ማጣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

ምንም ምልክት በሌለበት

ፍሎራይድ፣ ናይትሬትና እርሳስ ቀለምም ሽታም የላቸውም። ፍሎራይድ የስምጥ ሸለቆ ችግር ነው፤ በዝዋይ፣ በወንጂ፣ በመተሐራና በሐዋሳ አካባቢ የልጆች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ነጠብጣብ ከዚያ የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። ማፍላት ፍሎራይድን ያከማቸዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ ተራ ካርቦንም አይዘውም። የሚይዙት የአጥንት ከሰል፣ ገቢር አሉሚና የሚባለው የአሉሚኒየም ውሁድ እና ውሃን በግፊት በረቂቅ ሽፋን የሚያሳልፈው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ናቸው። እርሳስ ደግሞ ከአሮጌ ብየዳና ከነሐስ መቅጃዎች ይለቀቃል። ውሃው ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ካደረ ጠዋት ትንሽ አፍስሰው ይቅዱ፤ ለምግብና ለሕፃን ወተት የሙቅ ቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ። በእነዚህ ሦስቱ ላይ ግምት አይሠራም። ውሃውን ላቦራቶሪ ያስመርምሩ፤ ለጀርም ምርመራ የሚሆነውን ናሙና ላቦራቶሪው በሚሰጥዎት ጠርሙስ ቀድተው በበረዶ ዕቃ፣ በዚያው ቀን ያድርሱ።

አሁን ማጣሪያ ይምረጡ

ችግሩ ጀርም ከሆነ በፈረቃና በመብራት መጥፋት ለሚቸገር ቤት ምርጫዬ የሴራሚክ ማጣሪያ ነው። መብራትም ግፊትም አይፈልግም፤ ሲደፈን በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። ባክቴሪያና ጥገኛ ይይዛል፣ ቫይረስን ግን ሁልጊዜ ስለማይዝ ክሎሪን ቢጨመርበት ይበልጥ ያስተማምናል። በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚሠራው ማጣሪያ ቫይረስንም ይገድላል፤ ነገር ግን መብራት ይፈልጋል፣ የደፈረሰ ውሃ ውስጥም ጀርሙ ከብርሃኑ ይሸሸጋል።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ሻጮች አር ኦ የሚሉት፣ ሁሉን ነገር ያጠራል ማለት ይቻላል። ሆኖም ወደ 3 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ግማሽ ባር ገደማ ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ነውና። ስለዚህ ፓምፕ የሌለው አር ኦ አይግዙ። አንድ ሊትር ለማጥራት ሦስት ሊትርና ከዚያ በላይ የሚያፈስሱም ብዙ ናቸው። ፍሎራይድ ወይም ናይትሬት ላለበት ቤት ዋጋው ይገባዋል፤ ውሃ በሳምንት አንዴ ለሚመጣበት፣ ችግሩም ዝገት ብቻ ለሆነ ቤት ግን ብክነት ነው።

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ይዞት የሚመጣው ባለ ጆግ ማጣሪያ በአብዛኛው ካርቦን ነው። የተሠራው ቀድሞ ከጀርም ለጸዳ ውሃ ስለሆነ መመሪያው ላይ ደኅንነቱ ባልታወቀ ውሃ ላይ እንዳይሠራበት ተጽፎ ያገኙታል። ማጣሪያዎችን የሚመሰክረው የአሜሪካ ድርጅት፣ ኤን ኤስ ኤፍ፣ የሚሰጣቸውን የደረጃ ቁጥሮች ይመልከቱ፦ 42 ጣዕምና ክሎሪን፣ 53 እንደ እርሳስ ያሉ ጤና የሚጎዱ ነገሮች፣ 55 አልትራቫዮሌት፣ 58 አር ኦ ነው። 42 ብቻ የተጻፈበት ዕቃ ከተቅማጥ አያድንም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የመለዋወጫው ካርትሪጅ እዚሁ አገር መገኘቱንና ዋጋውን ይጠይቁ፤ ጊዜው ያለፈበት ካርትሪጅ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። የተጣራው ውሃ ክሎሪን ከሌለው ክዳንና መቅጃ ባለው ዕቃ ያስቀምጡት፣ ኩባያ አይንከሩበት፣ በማግሥቱም አዲስ ይሙሉ።