የክሊኒክ በር እጀታን በናስ እንዴት እንቀይራለን?

በአንድ ክሊኒክ በቀን ስንት እጅ አንዱን እጀታ እንደሚጨብጥ ለማወቅ፣ ከመርፌ መውጊያው ክፍል ፊት ለፊት ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል። ክንዱን በጥጥ የያዘው ይወጣል፣ ልጅ ያዘለችው ትገባለች፤ አፉን ሸፍኖ ያሳለውም በዚያው እጁ በሩን ይከፍታል።

መዳብና የመዳብ ቅይጥ የሆነው ናስ ለዚህ ቦታ ይስማማሉ። ከገጻቸው የሚወጣው የመዳብ አዮን የባክቴሪያውን ሽፋን ይጎዳና ዘረ መሉን ይበጣጥሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 እነዚህን ቅይጦች የመዘገበው፣ በቤተ ሙከራ ከ99.9 በመቶ በላይ ባክቴሪያን በ2 ሰዓት ውስጥ በመግደላቸው ነው።

መጀመሪያ የሚቀየረውን ይምረጡ። ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ የመርፌ ክፍሉና የመጸዳጃ ቤቱ እጀታ ይቅደሙ፤ ቀጥሎ የአልጋው መደገፊያና የግሉኮስ ማንጠልጠያው። ግድግዳውን ይተዉት።

ከዚያ መርካቶ ይውረዱ፤ ማግኔትና ትንሽ ሞረድ በኪስዎ ይዘው። ሻጩ «ንጹሕ ናስ ነው» ማለቱ አይቀርም። ማግኔቱ ከተጣበቀ ውስጡ ብረት ነው። ባይጣበቅም አይቸኩሉ፤ ዚንክ ናስ ተቀብቶ ይሸጣል፣ ዚንክን ደግሞ ማግኔት አይስበውም። ሻጩን አስፈቅደው ከጀርባው፣ ብሎን በሚገባበት ጥግ፣ በሞረዱ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈግፈግ ያድርጉት። ቢጫው ወደ ውስጥ ከዘለቀ ይግዙት። ግራጫ ብቅ ካለ ቅብ ነው፤ እጅ ሲበዛበት ይላጣል። የመዳቡ መጠን ከ60 በመቶ ማነስ የለበትም።

አሁን እኔ የተሳሳትኩበት ላይ ደረስን። ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ ክሊኒክ የገጠምኳቸውን እጀታዎች፣ ያብረቅርቁ ብዬ ቫርኒሽ ቀባኋቸው። አመሰገኑኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ቫርኒሽ ግን መዳቡን ከእጅ ይለየዋል፤ የገጠምኩት ውድ ፕላስቲክ ነበር ማለት ይቻላል። ብዙው እጀታ ከፋብሪካም ተቀብቶ ስለሚመጣ፣ ከመግጠምዎ በፊት መስኮት ከፍተው በአሴቶን በራሰ ጨርቅ ይጥረጉት። ጨርቁ መንሸራተቱን ትቶ ያዝ ያዝ ሲያደርገው ሽፋኑ ለቋል። መግጠሙ የአንድ ካቻቢቴ ሥራ ነው።

በሳምንታት ውስጥ እጀታው ይጠቁራል። «ቆሸሸ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ መጥቆሩ ግን ሥራውን አያስቀረውም። ዓይን ካስቸገረ ሎሚና ጨው ቀብተው አሽተው በውኃ ያለቅልቁት። ዘይትና ሰም አይቀቡበት፤ በረኪናም አዘውትሮ ከነካው ናሱን ይበላዋል።

የጽዳት ሠራተኞቹ እጀታውን እንደ ቀድሞው በየፈረቃው ማጽዳታቸውን እንዲቀጥሉ ይንገሯቸው። በእነዚያ 2 ሰዓታት ውስጥ ብዙ ሰው ይነካዋልና፣ ከበሩ አጠገብ ያለው የእጅ መታጠቢያም ሳሙና አይጥፋበት።