ኮንቮሉሽንን በእጅ ማስላት፦ ለሲግናልና ሲስተም ጀማሪዎች

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የምትማሩ ተማሪዎች፣ ወደ ፎሪየርና ላፕላስ ትራንስፎርሞች (ሲግናልን ወደ ሌላ መልክ የሚቀይሩ የሂሳብ ዘዴዎች) ከመሻገራችሁ በፊት ኮንቮሉሽንን፣ ማለትም ሲስተሙ ለአንድ ግቤት የሚሰጠውን ውጤት የምናገኝበትን ስሌት፣ በወረቀት ላይ ደጋግማችሁ እንድትሠሩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ማትላብ የተባለው የስሌት ሶፍትዌር ውጤቱን በቅጽበት ቢሰጥም ከየት እንደመጣ አያሳይምና።

አስቀድማችሁ ሲስተሙ ሊኒየር (ግቤቶች ሲደመሩ ወይም በቁጥር ሲባዙ ውጤቶቹም እንዲሁ የሚደመሩበትና የሚባዙበት) መሆኑንና ባሕርዩ በጊዜ የማይለወጥ መሆኑን አረጋግጡ።

ግቤቱ 1፣ 2፣ 3 የኢምፐልስ ምላሹ (ሲስተሙ በጊዜ 0 ለሚገባ አንድ ነጠላ 1 የሚሰጠው ውጤት) ደግሞ 2፣ 1 ይሁን፤ ሁለቱም ከጊዜ 0 ይጀምራሉ። ምላሹን ገልብጣችሁ 1፣ 2 አድርጉና 2ቱ ከግቤቱ የመጀመሪያ ቁጥር ሥር እንዲውል፣ 1ዱ ደግሞ ከእሱ በስተግራ እንዲቀር አድርጋችሁ ጻፉት፤ ከዚያም አንድ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ እያንሸራተታችሁ በየደረጃው ፊት ለፊት የተገናኙትን ቁጥሮች አባዝታችሁ ደምሩ። መጀመሪያ 2 ከ1 ጋር ተባዝቶ 2 ይሆናል፤ ቀጥሎ 1 እና 4 ተደምረው 5፣ ከዚያ 2 እና 6 ተደምረው 8፣ በመጨረሻ 3 ብቻውን ይቀራል።

የውጤቱ ርዝመት 3 ሲደመር 2 ሲቀነስ 1፣ ማለትም 4 መሆን አለበት። የውጤቱ ድምር 18 ከሁለቱ ድምሮች ብዜት፣ ከ6 በ3፣ ጋር እኩል መሆኑንም አመሳክሩ። ይህ ማመሳከሪያ ግን መገልበጥ መዘንጋቱን አያጋልጥም፤ ሳይገለበጥ የሚገኘው 1፣ 4፣ 7፣ 6 ድምሩ ያው 18 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት የሁለቱ የመጀመሪያ ቁጥሮች ብዜት መሆኑን ሁልጊዜ ተመልከቱ።